አሥራ አንድ ሴኮንድ

የሞቱ እንግዶች ሰዓት ያከብራሉ። የሬዲዮ ጣቢያው ዓመታዊ ሪፖርት እነሱን በመጋበዝ ከተገኙት ጥቅሞች መካከል አስቀድሞ የሚጠቅሰው ይህንን ነው። አይታመሙም፤ ስልካቸው አይዘጋም፤ ባለፈው ወር ያሉትን በዚህ ወር አላልንም አይሉም። የበሩ ጥበቃ አቶ ስመኝ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። የሞተ እንግዳ የመኪና ማቆሚያ አይጠይቅም ይላል።

ሶልያና ደርበው ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከጉለሌ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትመጣለች። አቶ ስመኝ ቦርሳዋን ሳይፈትሽ ያሳልፋትና "ጋሽ ያፌት እንዴት ናቸው?" ይላታል። "ደህና ነው" ትለዋለች። ያፌት መንግሥቴ ባሏ ነበር፤ ከሞተ በመጪው ነሐሴ አምስት ዓመት ይሞላዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ሰላምታ እግሯን ይይዛት ነበር። አሁን ሳትቆም ትመልሳለች። ጥበቃው ክፋት የለበትም፤ በየሳምንቱ በሬዲዮ የሚሰማውን ሰው ጤና መጠየቁ ነው።

ሰባተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የጆሮ ማዳመጫና አንድ ወረቀት ይጠብቋታል። ሕጉ አጭር ነው። የሞተ ሰው ድምፅ አዲስ ጥያቄ ተጠይቆ የመለሰው መልስ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሰምቶ ሳይፈርምበት አየር ላይ አይውልም። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ። በአንዱ አጠገብ "ይህን ይል ነበር" ተብሎ ተጽፏል፤ በሌላው አጠገብ "ይህን አይልም ነበር"። ሶልያና የመጀመሪያው ላይ እስካሁን መቶ ዘጠና ሦስት ጊዜ ምልክት አድርጋለች።

ያፌት ጋዜጠኛ ነበር፤ ሦስት የታሪክ መጻሕፍት ጽፏል። በሕይወት ሳለ በዚሁ ፕሮግራም ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል እየተጋበዘ ስለ መጻሕፍቱም ስለ ወቅቱ ጉዳይም ተናግሯል። አሁን የሚመልሰው ድምፁ በማሽን የተሠራው ከእነዚያ ቃለ ምልልሶች ነው። አሁን እሱ ከሞተ በኋላ ስለተዘረጋው የባቡር መስመር፣ ስለ ዘንድሮው የስንዴ ውል፣ ስሙን እንኳ ሰምቶት ስለማያውቀው ከንቲባ ይጠየቃል። ይመልሳል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነው። ሶልያና የምታርመው ትንንሽ ነገር ነው። "ወገኖቼ" የሚለውን ቃል አይወድም ነበር ትላለች፤ ያወጡታል። አንድ ጊዜ ማዳመጥ ግዴታዋ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ለምን እንደምታዳምጥ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

በሕይወት ያሉ ጸሐፍት ከፕሮግራሙ የጠፉት ማንም ከልክሏቸው አይደለም። መጀመሪያ በወር አንድ ሆኑ፣ ከዚያ በዓመት ሁለት፣ ከዚያም ተረሱ። አድማጭም አልጠየቀም። አዘጋጁ ኢዮስያስ በሥራው ላይ ስድስት ዓመት ቆይቷል፤ ትንፋሽ ያለው ሰው ፊቱ አስቀምጦ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ክፍሏ ለሶልያና እንግዳ አይደለችም። ግድግዳው ከመቀየሩ በፊት ይኸው ቦታ የድምፅ አርትኦት ክፍል ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ገብታ ሃያ ስድስት ዓመት ቃለ ምልልስ ስትቆርጥ የኖረችው እዚሁ ነው። ዛሬ ዋና አዘጋጅ የሆነችው ኖላዊት ሥራውን የተማረችው ከእሷ አጠገብ ተቀምጣ ነው።

በሚያዝያ ሁለተኛው ሐሙስ ኢዮስያስ ራሱ ክፍሏ ድረስ መጣ። ብዙ ጊዜ አይመጣም። ቃለ ምልልሱ ለሚቀጥለው ሐሙስ የተዘጋጀ መሆኑን፣ ያም ቀን የሸንበቆ በር ጎርፍ ሠላሳኛ ዓመት መሆኑን ነገራት። ሶልያና ታውቃለች። በ2041 ዓ.ም. በገበያ ቀን፣ ከሸንበቆ በር ከተማ በላይ ያለው የግድብ በር ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ተከፈተ፤ ስልሳ ሦስት ሰው ውሃ ወሰደው። የያፌት ሁለተኛ መጽሐፍ ስለዚያ ቀን ነው። ለመጻፍ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል።

"ዛሬ ትልቅ ነገር ተናግረዋል፣ እትዬ" አለ ኢዮስያስ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልተናገረውን።"

ማዳመጫውን አጠለቀች። ያፌት ስለ ገበያው ተናገረ፣ ስለ በርበሬ ተራው፣ ውሃው ከመምጣቱ በፊት ስለተሰማው ድምፅ። ድምፁ ያው ነው፤ ረጋ ያለ፣ በትንሹ የሻከረ። ከዚያ የኢዮስያስ ጥያቄ መጣ።

"ጋሽ ያፌት፣ በሩ እንዲከፈት ያዘዘው ማን ነው?"

"ገዛኸኝ ውብሸት" አለ ያፌት። "የዕለቱ ተረኛ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ በራሱ ነው የከፈተው።"

በጥያቄውና በመልሱ መካከል ምንም አልነበረም።

ሶልያና ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኢዮስያስ ብዕር አቀበላት። ዛሬ አልፈርምም አለችው። እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ፤ እስከ ሰኞ ላስብበት። ኢዮስያስ ደነገጠ እንጂ አልተከራከረም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ አላዳመጠችም።

ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ምስክሩ፣ መልሱን የሰማው የቤተሰብ ሰው ማለት ነው፣ እስከ ሰኞ ቀትር ድረስ ምልክት ካላደረገ እንደፈረመ ይቆጠራል። የተፈረመ ቃል በዚያው ሳምንት ወደ ትምህርት መዝገብ በራሱ ይገባል፤ ልጆች ያነቡታል፣ ይፈተኑበታል። ምስክሩ በዋና ጉዳይ ላይ "አይልም ነበር" ካለ ደግሞ ድምፁ ያርፋል። ማሳረፍ የጣቢያው ቃል ነው። ያረፈ ድምፅ ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም፤ ይደመሰሳል። የድሮዎቹ ቅጂዎች ይቀራሉ። ሶልያና የድሮዎቹን ቅጂዎች በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ የትኛው ቃል በየት እንደሚመጣ ታውቃለች። ሐሙስ ሐሙስ የምትሰማው ግን የማታውቀውን ነው።

ደንቡ ሌላም አንቀጽ አለው። በሞተ ሰው ቃል ውስጥ ስሙ በክፉ የተነሣ ሰው ቤተሰብ ቀድሞ በደብዳቤ እንዲያውቅ ይደረጋል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሶልያናን በር ያንኳኳችው ሴት ደብዳቤው በእጇ ነበር። በሌላው እጇ አንድ ፌስታል ሎሚ ይዛለች።

"ፌቨን ገዛኸኝ እባላለሁ" አለች። "ባዶ እጄን እንዳልመጣ ነው እንጂ ለሌላ ነገር አይቁጠሩት።"

አርባ ሁለት ዓመት ይሆናታል። ሸንበቆ በር ላይ የስድስተኛ ክፍል ታሪክ መምህርት ናት። በጠዋቱ ባቡር ነው የመጣችው፤ በአሥር ሰዓቱ ትመለሳለች። ሶልያና ሎሚውን ተቀብላ አስቀመጠቻት፤ ውሃ አቀረበችላት። ፌቨን ውሃውን ሳትነካ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አባቷ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት እንደሆነው፣ በሕይወት ሳለ ስለዚያ ቀን ለእናቷም ለልጆቹም አንድ ቃል ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረቻት። ክፍል ውስጥ ስታስተምር እንዲህ እንደምትናገር ያስታውቃል።

"እኔ ልለምንዎት አልመጣሁም፣ እትዬ ሶልያና። እሱ ከሆነ አስተምረዋለሁ። ሰሌዳው ላይ የአባቴን ስም በእጄ እጽፈዋለሁ። ከልጆቹ ግማሾቹ በዚያ ጎርፍ አያት ሞቶባቸዋል፤ ይገባቸዋል። ግን ልወቀው። ባለቤትዎ ያውቁ ነበር?"

ሶልያና ወዲያው አልመለሰችም። ፌቨን ጠበቀች። ቆይታ ፈገግ አለች።

"እርስዎም እንደ እሳቸው ነዎት። ቤታችን መጥተው ነበር እኮ፤ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሦስት ቀን ነው የተመላለሱት። ይጠይቁታል፣ አባቴ ዝም ይላል። እሳቸውም አብረውት ዝም ይላሉ። ማስታወሻ ደብተራቸው ጉልበታቸው ላይ ተከፍቶ፣ እንዲሁ። እናቴ ከጓዳ ሆና 'እነዚህ ሁለቱ ምን ሊጠያየቁ ነው የተገናኙት?' ትለኝ ነበር።"

ያፌት ይህን ነግሯት አያውቅም ነበር። ሶልያና መስኮቱን አየች። ከዚያ ከሃያ አምስት ዓመት ወዲህ ለማንም ያልተናገረችውን መናገር ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው።

መጽሐፉ የወጣው በ2046 ነው። በዚያው ዓመት ያፌት ፕሮግራሙ ላይ ተጋብዞ ያንኑ ጥያቄ ተጠየቀ። በሩ እንዲከፈት ያዘዘው ማን ነው? ያፌት ዝም አለ። አሥራ አንድ ሴኮንድ። ሶልያና ቁጥሩን የምታውቀው ከስቱዲዮው መስታወት ፊት ስለነበረችና የድምፁ ሞገድ በማሳያው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲሄድ ስላየችው ነው። ከዚያ "አላውቅም" አለ። "አንድ ስም አለኝ፤ ስም መያዝ ግን ማወቅ አይደለም።"

በአርትኦት ክፍሉ አንድ ደንብ ነበር፤ ባዶ አየር አይተላለፍም። ዝምታ ይቆረጣል፣ መንተባተብ ይቆረጣል። አላውቅም የሚል እንግዳም ይቆረጣል፤ አድማጭ የሚያውቅ ሰው ሊሰማ ነው የከፈተው። ደንቡን ያወጣችው እሷ ባትሆንም ለሌሎች ያስተማረችው እሷ ናት። በባሏ ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ትጠነቀቅ ነበር። ያፌት በተፈጥሮው የሚያመነታ ሰው ነው፤ በየሦስተኛው ጥያቄ አላውቅም ይል ነበር። ሰው ፊት ደካማ እንዲመስል አትፈልግም። አሥራ አንዱን ሴኮንድ ቆረጠች፤ "አላውቅም"ን ቆረጠች። ዜና ሊገባ ሰዓት ስላነሰ ጅራቱንም ቆረጠችው። የቀረው "አንድ ስም አለኝ" ነበር። ከዚያ ሙዚቃ ገባ። ጥሩ መዝጊያ ሆነ፤ የሥራ ባልደረቦቿ አደነቁላት።

"ቤት ስገባ 'ሶል፣ አንቺ ስትቆርጪኝ አዋቂ እመስላለሁ' አለኝ" አለች ሶልያና። "ስቆ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን እያሰረ 'ያንን ባትነኪው ጥሩ ነበር' አለ። ደግሞ አላነሣውም።"

ፌቨን ደብዳቤውን አየችው። "እንግዲያው ስሙ የአባቴ ነበር?"

"እሱንም አላውቅም። መጽሐፉ ላይ የዕለቱ ተረኞች ሦስት ናቸው፤ አባትሽ አንዱ ነው። በልቡ የያዘው ማንን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ይቆጨኛል ብዬ አላሰብኩም።"

"ያልተቆረጠው ቅጂ የለም?"

"የተላለፈው ብቻ ነበር የሚቀመጠው።"

ፌቨን ውሃውን አንሥታ እስከ ግማሽ ጠጣች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ ይህን መስማቷ ልቧን እንዳላሳረፈው፣ ግን ከደብዳቤው እንደሚሻል ተናገረች። አባቷ ምንም እንዳላደረገ የሚነግራት ሰው ፈልጋ እንደነበር አሁን እንዳወቀችውም ተናገረች። ሶልያና እስከ ባቡር ጣቢያው ልሸኝሽ ብትላት እምቢ አለች።

ሰኞ ጠዋት ሰባተኛው ፎቅ ላይ ኖላዊትና ኢዮስያስ ቀድመዋት ተቀምጠው ነበር። ኖላዊት ተነሥታ ወንበር ሳበችላት። አምሳ ዓመት ሞልቷታል፤ ለሶልያና ግን ዛሬም ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ሞገድ የምታየዋ ልጅ ትመስላታለች። ሶልያና ለፌቨን የነገረቻትን ለእነሱም ነገረቻቸው። ኖላዊት ከመካከል ጀምሮ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ነበር።

"ስለዚህ አላውቅም ማለት አይችልም" አለች ሶልያና። "ድምፁን የሠሩት ሰዎች እንዲህ ሲል ሰምተውት አያውቁም።"

ኖላዊት ይህ ሊሆን አይችልም፣ ብዙ ጊዜ ጠይቀነዋል አለች። ሶልያና እንዲሞክሩት ጠየቀች። ኢዮስያስ ማይክሮፎኑን ከፈተ፤ ምን ልጠይቃቸው አላት። እሱ ራሱ ዛሬ ቁርስ ምን እንደበላ እንዲጠይቀው ነገረችው። ኢዮስያስ አፍሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጋሽ ያፌት፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ምን በላሁ?"

"ፉል" አለ ያፌት። "ከሥራ በፊት፣ ቆመህ። የእናንተ ትውልድ ተቀምጦ መብላት ትቷል፤ ይህ ደግሞ ከከተማው አሠራር ጋር የተያያዘ ነው።"

ኢዮስያስ ማይክሮፎኑን ዘጋው።

"ጾም ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ቁርስ አልበላሁም።"

ኖላዊት ከት ብላ ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና በሥራ ድምፅ መናገር ጀመረች። ሠላሳ አራት የሞቱ እንግዶች አሏት። ሁሉም በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ደንብ የተቆረጡ ናቸው፤ ግማሾቹን የቆረጠቻቸው ራሷ ናት። ሶልያና ይህን በወረቀቱ ላይ ከጻፈች የሁሉም ቤተሰብ ይጠይቃል። ሌላ መንገድ ግን አለ። "የአነጋገር ማረሚያ" የሚባል ቅጽ አለ። ሶልያና እሱን ብትሞላ ያቺ አንዲት መልስ ትወጣለች፤ ሌላው እንዳለ ይተላለፋል።

"ስሙም ይሰረዛል፣ ጋሽ ያፌትም ይቆያሉ" አለች ኖላዊት። "ሐሙስም ይመጣሉ፣ ያዳምጣሉ። ማንም አይጎዳም፣ እትዬ።"

ቅጹን አስጠጋችላት። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሶልያና ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ኢዮስያስ በኋላ ለባልደረቦቹ ሲያወራ በዚያች ጊዜ ትፈርማለች ብሎ እርግጠኛ እንደነበር ተናግሯል፤ ብዕሩን ይዛ ነበር።

"በሚቀጥለው ሳምንት የማንን ስም ይጠራል?" አለች ሶልያና።

"ስም የሚያስጠራ ጥያቄ አንጠይቅም።"

"ስለ ስንዴውም አያውቅም ነበር እኮ። እኔም ይል ነበር ብዬ ፈረምኩ። መቶ ዘጠና ሦስት ጊዜ።"

"ለምን ፈረሙ ታዲያ?"

ጥያቄው ካፏ ከወጣ በኋላ የኖላዊት ፊት ቀላ።

ሶልያና ቅጹን ወደ ኖላዊት መልሳ ገፋችው። ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች፤ በእጇ ጠፍጥፋ አስተካከለችው። ሁለተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች። ከታች "ምክንያት" የሚል አንድ መስመር አለ። "የማያውቀውን አላውቅም ይል ነበር፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈች። ፈረመች። ሰዓቱን ጽፋ፣ ቀኑን ጽፋ ሰጠቻት።

ኖላዊት ወረቀቱን አነበበችው። "ደንቡን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" አለች።

"አዎ። አሁንም ላስተምርሽ ነው የመጣሁት።"

"ሐሙስን በምን ልሙላው?"

"በሕይወት ያለ ሰው ጋብዙ።"

ኖላዊት ወደ ኢዮስያስ ዞረች። ኢዮስያስ እጆቹን አየ።

ድምፅ ከማረፉ በፊት ለቤተሰብ አንድ የስንብት ጥያቄ ይፈቀዳል። አይቀረጽም፣ አይተላለፍም፤ ሌላ ሰውም ክፍሉ ውስጥ አይኖርም። ኢዮስያስ ማይክሮፎኑን ከፈተላት፤ መብራቱ ቀይ ሆነ። አሥር ደቂቃ ነው ያለዎት አላትና ሁለቱም ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ኖላዊት ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ከውስጥ ምንም አይሰማም፤ ክፍሉ ድምፅ እንዳያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው።

አሥሩ ደቂቃ ሲሞላ ኢዮስያስ በሩን ከፈተ። ሶልያና ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በተቀመጠችበት ነበረች። ማይክሮፎኑ ክፍት ነው። ፊቷ ላይ ለውጥ አላየም።

"ጨረሱ፣ እትዬ?"

"አልጠየቅሁትም።"

"ጊዜ ልጨምርልዎት?"

"አይ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ተውኩት።"

ኢዮስያስ ለምን እንደተወችው መጠየቅ እንደማይገባው ያውቃል። ግን ጠየቃት።

"ይመልስልኝ ነበር" አለች ሶልያና። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ማሳረፉ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈጸመ። አራት ደቂቃ ወሰደ። ማረጋገጫው ማክሰኞ በፖስታ ደረሳት፤ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ሳትከፍተው አኖረችው። ረቡዕ ማታ ኖላዊት ደወለች። ሰው እንደተገኘ፣ የምትመጣው ግን አንድ ነገር ጠይቃ እንደሆነ ነገረቻት። ቃሏ በቀጥታ ይተላለፍ፣ ማንም እጁን አያግባበት ብላለች። ኖላዊት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሃያ ዓመት ወዲህ እንዳልሠራች ተናገረች፤ እንደፈራች ከድምጿ ያስታውቃል። ሶልያና ጥሩ ነው አለቻት።

ሐሙስ ጠዋት ሶልያና ለባብሳ ወጣች። መሄጃ አልነበራትም። ልማድ ሆኖባት ያንኑ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ሁለተኛውንም ቀየረች። አውቶቡሱ ጣቢያው ደጃፍ ሲቆም በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አቶ ስመኝን በመስኮት አየችው። አልወረደችም። አውቶቡሱ ቀጠለ።

አራት ሰዓት ሲሆን ከጣራው ድምፅ ማጉያ የፕሮግራሙ ሙዚቃ ተሰማ። ተሳፋሪው እንደ ወትሮው ግማሽ ጆሮውን ሰጥቷል። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋለች፤ ከፊት አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ኢዮስያስ የዛሬዋ እንግዳ መምህርት ፌቨን ገዛኸኝ ከሸንበቆ በር እንደመጡ፣ አባታቸው በዚያ ቀን የግድቡ በር ተረኛ እንደነበሩ፣ ይህንንም ራሳቸው እንዲነገር እንደፈለጉ ተናገረ። ድምፁ ደረቅ ነበር። ስለ ገበያው ጠየቃት፤ መለሰች። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቃት። ሳል ያዛት፤ ሳሉም ተላለፈ። ሽማግሌው ቀና ብለው ድምፅ ማጉያውን አዩ።

"መምህርት" አለ ኢዮስያስ፣ "ሠላሳ ዓመት ሆነው። በሩ እንዲከፈት ያዘዘው ማን ነው?"

ሬዲዮው ዝም አለ።

የአውቶቡሱ መንኮራኩር ይሰማል። ልጁን ያቀፈችው ሴት አንገቷን አዞረች። ከኋላ አንዱ ስልኩን አወጣና አይቶ መለሰው። ዝምታው ቀጠለ። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው በጫፉ ድምፅ ማጉያውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

"ተበላሸ" አሉ ለማንም ሳይሆን።

"አልተበላሸም፣ አባባ" አለች ሶልያና። "እያሰበች ነው።"